ጉሮሮሽን ጠብቂ

ትርሲት የባቡር ነጂነት ሠልጣኝ ናት፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ አሠልጣኟ ናቸው፤ ሁለቱም በዴፖው መውጫ፣ ቀይ መብራት ፊት በቆመ ባዶ ባቡር የነጂ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሠራተኛው ከየመሥሪያ ቤቱ ሊወጣ ተቃርቧል፣ ሰማዩም ዝናብ አዝሏል።

ትርሲት፦ ዛሬ ካልፈረሙልኝ ነገ አልመጣም ጋሼ። ቁርጤን ይንገሩኝ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ለቁርጥ ምን አስቸኮለሽ? ገና ነሽ እኮ።

ትርሲት፦ ይሄ «ገና» የሚሉት ነገር መጨረሻው የት ነው? አብረውኝ የገቡት ሁሉ ብቻቸውን ይነዳሉ። ጥሩምባ በነፋች ቁጥር ራሷ የምትደነግጠው ሶስና እንኳ ትናንት ባቡር ሙሉ ሰው ጭና ስታልፈኝ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ እርስዎ አጠገብ ተቀምጬ «ቀይ፣ አረንጓዴ» እያልኩ መብራት እጠራለሁ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ የሶስና አሠልጣኝ ጥሬ ካወጣ ራሱ ይወቅ። እኔ ሳይበስል አላወጣም።

ትርሲት፦ ሲበዛ ደግሞ ያርራል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የማፈሰውም ነገር እጄ አልገባ። ሁልጊዜ የሚነዱት እርስዎ፣ የምጮኸው እኔ። የመንጃ እጀታውን የሚያስይዙኝ ባዶ ሐዲድ ላይ፣ እዚያ አጥሩ ጥግ፣ እንደ ልጅ መጫወቻ ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ መጥራት ራሱ መማር ነው። ዓይን ያየውን አፍ ካልተናገረው ልብ አይይዘውም። ጣትሽን ቀስረሽ ትጠሪያለሽ፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ ባቡሩ ይሄዳል። ሰው ከነነፍሱ ቤቱ የሚገባው በዚህ ሥርዓት ነው።

ትርሲት፦ ሥርዓቱ የሚለው ነጂው ራሱ አይቶ ራሱ ይጥራ ነው። መመሪያውን አንብቤዋለሁ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ ባቡር ነድቶ አያውቅማ። እኔ ከናፍጣው ባቡር ዘመን ጀምሮ ሐዲድ ላይ ነው ያረጀሁት። አሁን ይልቅ ይሄን ማር ላስ ላስ አድርጊው። ዝንጅብሉን ዛሬ በዛ አድርጌበታለሁ።

ትርሲት፦ ማሩ ይቆየኝ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አይቆይም። ትናንት ወደ ማታው ድምፅሽ ሻከር ብሎ ነበር። ደመናውን ደግሞ አየሽው? ቅዝቃዜ ይዞ ነው የሚመጣው።

ትርሲት፦ እናቴ ስለዚህ ማር ስነግራት ምን አለች መሰለዎት? «አባትሽ በሕይወት ቢኖር ከዚህ በላይ አይሳሳልሽም» አለች። ያን ቀን የቀዘቀዘ ለስላሳ ይዤ ሲያዩኝ ከእጄ ነጥቀው ሲደፉት እንኳ አልተቀየምኩም። ሰው እንዲህ ሲሳሳልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ነበር?

ትርሲት፦ ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ዛሬ አመጣጥሽ ሌላ ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ በይ ብርሌውን አውጪው።

ትርሲት፦ ይርዳውን አገኘሁት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ የቱን ይርዳው?

ትርሲት፦ ስንት ይርዳው ያውቃሉ? ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነዋ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ እንዴት ነው? ምን እየሠራ ነው?

ትርሲት፦ እኛ ሰፈር ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፋል። ዩኒፎርሜን አይቶ እጁን እንኳ ሳይጠርግ መጣ። አሠልጣኝሽ ማን ነው አለኝ፣ ነገርኩት። የሚሰድብዎት መስሎኝ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። «ጉሮሮሽን ጠብቂ» ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ መልካም መክሮሻል። ብርዱ ጨክኗል።

ትርሲት፦ እኔም ስለ ብርድ መስሎኝ አመሰገንኩት። ቤቴ ስገባ ግን አነጋገሩ ከነከነኝ። ሰው ወደ ጎማው ሲመለስ እንደዚያ አይመለስም ጋሼ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ የሰው ነፍስ ያጠፋ ልጅ ቀና ብሎ አይሄድም። ወይዘሮ አበሩ ሐዲድ ስትጠርግ በቀይ መብራት ገብቶ ነው የደፈጠጣት። እኔ ላስቁመው ስል አልደረስኩም። ይሄን ዴፖው በሙሉ ያውቀዋል።

ትርሲት፦ ዴፖው የሚያውቀው እርስዎ የነገሩትን ነው። የመርማሪዎቹንም ቃል ጠይቄያለሁ፤ እነሱም የጻፉት «አሠልጣኙ እንደተናገሩት» ብለው ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችሁ በቀር ሰው አልነበረ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አንቺ ልትነጂ ነው የመጣሽው ወይስ ልትመረምሪ?

ትርሲት፦ ልነዳ ነበር የመጣሁት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ እንግዲያው ሥራሽን ሥሪ። ሬዲዮው ተዘጋጁ ብሏል፣ አሁን ያስወጡናል። ፈተናሽ ላይ ማን እንዳዘነልሽ አትርሺ። ሁለቱ ፈታኞች ስለ ኤሌክትሪክ እየጠየቁ ሲያጣድፉሽ ልትወድቂ ነበር።

ትርሲት፦ እንዴት እረሳለሁ? የእርስዎ ተራ ሲደርስ «ለኮሌጅ ክፍያ የታክሲ ረዳት ነበርኩ ብለሻል፤ እስኪ እንደዚያን ጊዜው ጥሪ» አሉኝ። እኔም ተነስቼ «ድልድይ ማዶ፣ ገበያ፣ ዋርካው! የሞላ ነው! አንድ ሰው!» ብዬ ስጮህ ፈታኞቹ ሳቁ። እርስዎ ግን አልሳቁም። ዓይንዎን ጨፍነው ሰሙኝ፣ ከዚያ «ይቺን ለእኔ ስጡኝ» አሉ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ጉብዝናሽን አየሁ።

ትርሲት፦ ሰሙ እንጂ አላዩም። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሰፈር ለሰፈር «እኔን መረጡኝ» እያልኩ ዞርኩ። የኤሌክትሪክ ዲፕሎማዬን ያዩልኝ መስሎኝ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ተመስገን በይ። ተመርጦ የሚያኮርፍ አንቺን አየሁ።

ትርሲት፦ ልክ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመውጫ መብራት፣ አረንጓዴ!

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አረንጓዴ። አዎ፣ እንዲህ ነው እንጂ! ወጣን... ኧረ! ምን ነካሽ? የአደጋ ፍሬን እንዲህ ይሳባል? ጥርሴን ልታወልቂው ነበር!

ትርሲት፦ ቀና ይበሉና መብራቱን ይዩት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አረንጓዴ ብለሽ የለ እንዴ?

ትርሲት፦ እኔማ ብያለሁ። እርስዎ ምን ያያሉ?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ቆይ፣ ሬዲዮው እየጠራኝ ነው። ኮንትሮል፣ ወንዳፍራሽ ነኝ፣ ይሰማኛል። ምንም የለም፣ ደህና ነን። ሠልጣኟ ናት፤ እጀታውን እንደያዘች ደንግጣ ነው። አዎ፣ እሷ ናት። እመክራታለሁ። ጨርሻለሁ።

ትርሲት፦ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ምን ልበል ታዲያ? መውጫው ላይ ካሜራ አላቸው፣ ባቡሩ ሲላወስ አይተዋል።

ትርሲት፦ እጀታው በእርስዎ እጅ እያለ «እሷ ናት» አሉ። አፍዎ ለምዶታል። ይርዳውንም እንዲሁ ነው ያሉት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ዝም በይ።

ትርሲት፦ መብራቱ ቀይ ነው ጋሼ። አንድም ጊዜ አልተለወጠም። የነዱት በእኔ አፍ ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ዝም በይ አልኩሽ እኮ።

ትርሲት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ቀለሙ ነው መጀመሪያ የከዳኝ። ቀዩም አረንጓዴውም እንደ አመድ ሆነብኝ። ከዚያ ራቅ ያለው ነገር ሁሉ ውሃ ውስጥ የወደቀ ወረቀት ይመስል ጀመር። ቅርቡን አሁንም አያለሁ፤ አንቺን አያለሁ።

ትርሲት፦ ሐኪም ቤቱስ? በየጊዜው ዓይን ይመረምሩን የለም?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ሠልጣኞቼን ይዤ እሄዳለሁ። እናንተን ያስቀድሟችኋል። ሰንጠረዡን ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ የሰማሁትን እላለሁ። ጥሩ ጆሮ አለኝ።

ትርሲት፦ እኔም አንብቤልዎታለሁ ማለት ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ጥርት አድርገሽ።

ትርሲት፦ ይርዳውስ? ያን ቀን ምን ሆኖ ነው?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ጉንፋን። ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ ሲናገር ንፋስ ብቻ ነው የሚወጣው። ቀይ ብሏል መሰለኝ። በጣቱ እያሳየኝም ነበር ይላል። ጣትማ ለአረንጓዴም ይቀሰራል። ስላልሰማሁት መንገዱ ነፃ መሰለኝ።

ትርሲት፦ ሴትየዋስ?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ መጥረጊያዋ ነው መጀመሪያ የነካን። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ በሰማሁ ቁጥር፣ ቤት ሲጠረግ እንኳ፣ እወጣለሁ። ደስ ብሎኝ የምኖር ይመስልሻል?

ትርሲት፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ልጁ ጎማ ይለጥፋል፤ እርስዎ ማርና ዝንጅብል ገዝተው ሌላ ጉሮሮ ፈለጉ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ምን ላድርግ ነበር? እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም። ዓይኔን እየወሰደ ዕድሜዬን ተወልኝ። ሚስቴ የለችም። ቤቴ ብቀመጥ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው። እዚህ እያንዳንዱን ኩርባ መቀመጫዬ ያውቀዋል። ደግሞስ ዓይኔ መጥፋቱ ከታወቀ የአበሩ ነገር ይነሳል። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት፣ በጨለማ ላይ ጨለማ... እፈራለሁ፣ ልጄ። ዋሽቼ አልነግርሽም፣ እፈራለሁ።

ትርሲት፦ እኔም እፈራለሁ። ዛሬ አንድ ነገር ቢሆን እጀታውን የያዘው ማን ነበር ይባላል?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አንቺ እስካለሽ ምንም አይሆንም።

ትርሲት፦ የጠየቅኩት እሱን አይደለም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አንቺም ንጹሕ ነኝ አትበይ። ገበያው ኩርባ ላይ አስነጥሶሽ ሳትጠሪ ቀይ መብራት አለፍን። ማን አወቀብሽ? አለቀስሽ፣ እኔ ደብቄ ያዝኩልሽ። ለማንም አልተናገርሽም፣ አልተናገርኩም።

ትርሲት፦ «የበር መስታወቱን እያየሁ ባንቺ ተማምኜ ነው፤ ለሰው አትናገሪ፣ ገና ሳትጀምሪ ያባርሩሻል» አሉኝ። እኔ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ስንት ሌሊት ነው የተገላበጥኩት? ፊርማ ሲከለክሉኝ እንኳ ያስነጠስኩት ትዝ ይለኝና «እውነታቸውን ነው፣ አልበሰልኩም» እላለሁ። በውሸት ጥፋት አሠሩኝ፣ አመስግኜ ታሠርኩ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ እሺ፣ በይ እንታረቅ። የፈቃድ ወረቀትሽን አምጪው። አሁኑኑ እፈርማለሁ። ከነገ ጀምሮ የራስሽን ባቡር ትነጃለሽ፣ ሶስናን ታስቀኛታለሽ። የዛሬን ብቻ ጥሪልኝ።

ትርሲት፦ ከዚያስ? ነገ አጠገብዎ ማን ይቀመጣል?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አዲስ ሠልጣኞች ይመጣሉ። ስለሱ አንቺ ምን አገባሽ? ብዕሩን ስጪኝ። ይሄ ነው አይደል? መስመሩ የት ጋ ነው?

ትርሲት፦ መስመሩንም ልጥራልዎት?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አታላግጪብኝ። ጣትሽን አኑሪልኝና ልፈርም። ስትመኚው የከረምሽው አይደለም ወይ?

ትርሲት፦ ነው። እናቴ እንኳ የምትሰቅልበትን ምስማር ግድግዳው ላይ መትታ ጨርሳለች። ግን ከመስመሩ በላይ ምን እንደሚል ያውቃሉ? «ስትነዳ አይቻለሁ፣ ብቁ ናት» ይላል። አይተውኛል ጋሼ?

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ መስመሩን ብቻ አሳዪኝ።

ትርሲት፦ አንድ ቀን እንኳ አላዩኝም። ይመልሱልኝ ወረቀቱን። መንዳት እችል እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ጭምር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ጥሩ። ሂጂና ተናገሪ እንግዲህ። ቢሮው ያውልሽ። ማን የሚሰማሽ ይመስልሻል?

ትርሲት፦ ማንም። «አልፈርምልሽ ስላላት ነው» ይላሉ። ቅድም ደግሞ ደንግጣ ፍሬን የሳበችው እኔ ነኝ፤ ሲነግሯቸው ሰምተዋል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ካወቅሽ ጥሩ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አሁን ሰማሽ? ሬዲዮው ውጡ እያለን ነው። ድልድይ ማዶ ጣቢያው ሞልቶ ሰው ሐዲዱ ላይ ሊወርድ ነው አሉ። መብራቱ ተለውጧል ማለት ነው። ጥሪ።

ትርሲት፦ አልጠራም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ጥሪ፣ ትርሲት። ያ ሁሉ ሰው ዝናብ ሊመታው ነው። እርጉዝ አለች፣ ሽማግሌ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች።

ትርሲት፦ እነሱን እያሰብኩ ነው የማልጠራው። ይነሱልኝ፣ እኔ ልንዳ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ሳልፈርምልሽ ወንበር ልለቅልሽ? ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? አይሆንም። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያለ አንቺም እሄዳለሁ።

ትርሲት፦ ይሂዱ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ እጅሽን ከፍሬኑ ላይ አንሺ።

ትርሲት፦ አነሳሁ። ቅርቡን አያለሁ ብለዋል፣ ይኸው ሁለቱም ጭኔ ላይ ናቸው። ባቡሩም የእርስዎ፣ መንገዱም የእርስዎ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ጎሽ። ኋላ እንነጋገራለን።

ትርሲት፦ ግን ሐዲዱ ላይ ሰው አለ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ሐዲዱ ላይ ሰው አለ አልኩ። አጎንብሳ ትጠርጋለች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ትዋሻለሽ። ልታስፈራሪኝ ነው። ቅድምም አረንጓዴ ነው ብለሽ ዋሽተሽኛል።

ትርሲት፦ አዎ፣ ዋሽቻለሁ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ አሁንም ውሸት ነው። በዚህ ሰዓት ማን ይጠርጋል? ዝናብ እየመጣ?

ትርሲት፦ ዝናቡ ሳይደርስባት ልትጨርስ ይሆናላ። ወይም እኔ እየዋሸሁ ይሆናል። እጀታው በእጅዎ ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ትርሲት። በእናትሽ ሞት ይዤሻለሁ፤ ሰው አለ ወይስ የለም?

ትርሲት፦ ሬዲዮው አጠገብዎ ነው፣ እነሱ ካሜራ አላቸው፤ ይጠይቋቸው። «ከፊትህ ያለውን አንተው አታየውም ወይ?» ሲሉዎት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።